አንድ ንባብ በሁለት ስፍራ

አንድ ቃል ከተነገረበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ቢገባ፥ ፊደሉ ሳይለወጥ ምስጢሩ ይለወጣልን? ይህ ጥያቄ የመጻሕፍትን መምህራን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ጊዜ እንዳለ በሕንድ አገር መጻሕፍት ከሚገኘው ከአንድ ንባብ ልናሳይ እንወዳለን።

ሂንዱዎች ከሚያከብሯቸው መጻሕፍት አንዱ ካታ ኡፓኒሻድ ይባላል። በዚያ እንደ ተጻፈው፥ አንድ አባት ወተታቸው የነጠፈ ያረጁ ላሞችን በመሥዋዕት ጊዜ ስጦታ አድርጎ ሲያቀርብ ልጁ ናቺኬታ አይቶ፥ እርሱንስ ለማን እንደሚሰጠው ደጋግሞ ጠየቀው። አባቱም ተቈጥቶ ለሞት እንደ ሰጠው ተናገረ። ብላቴናው የሞት ንጉሥ ወደሚሆን ወደ ያማ ቤት ሄዶ ሦስት ሌሊት ሳይበላ ቆየ፤ ያማም ስለዚህ ሦስት ልመና ፈቀደለት። ሦስተኛው ልመና፥ ሰው ከሞተ በኋላ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን ማወቅ ነበር። ያማ በዚህ ፈንታ ሀብትና ረጅም ዕድሜ ቢያቀርብለት ናቺኬታ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትምህርት፥ ዐዋቂው ነፍስ እንደማይወለድና እንደማይሞት፥ ሥጋ ቢገደልም እርሱ እንደማይገደል፥ ገደልሁ የሚለውም ተገደልሁ የሚለውም ሁለቱም እንዳላስተዋሉ የሚያስረዳ ነው።

ይኸው ንባብ ከጥቂት ቃላት ልዩነት በቀር 18 ምዕራፍ ባለው በባጋቫድ ጊታ፥ በሁለተኛው ምዕራፍ ይገኛል። በዚህ ግን ቃሉን የሚሰማው በሞት ደጅ የቆመ ብላቴና አይደለም፤ ጦረኛው አርጁና ነው። እርሱ በኩሩክሼትራ ሜዳ በሁለቱ ጭፍሮች መካከል ሆኖ ዘመዶቹንና መምህራኑን በወዲያኛው ወገን ቢያይ ቀስቱን ጥሎ ተቀመጠ። ሠረገላውን የሚነዳለት ክርሽና ተነሥቶ እንዲዋጋ ሲያሳስበው ይህን ቃል አመጣለት። አንባቢ ልብ ይበል፤ በካታ አስቀድሞ የማይወለደውና የማይሞተው ይነገራል፥ የገዳዩ ነገር በኋላ ይከተላል። በጊታ ግን ተራው ተገልብጦ የገዳዩ ነገር ይቀድማል።

መምህራን አንድም እያሉ ሲያመሠጥሩ የሰማን ሁላችን የትርጓሜ መብዛት አያስደነግጠንም። ይሁን እንጂ እነዚሁ መምህራን ንባቡን ከመፍታታቸው በፊት ማን ለማን፥ በምን ምክንያት እንደ ተናገረው በመቅድም ያስረዱናል። የሕንድ ተርጓሚዎችም ይህን አልዘነጉትም። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው ሻንካራ፥ ነፍስ ምንም ሥራ እንደማይሠራ ካስተማረ በኋላ፥ ክርሽና አርጁናን ተዋጋ ማለቱ አዲስ ትእዛዝ እንዳልሆነ ይናገራል፤ አርጁና አስቀድሞ ለውጊያ የወጣ፥ ኀዘንና ድንጋጤ ብቻ ያስቀረው ሰው ነበርና። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ራማኑጃ ነፍሳት ብዙዎችና የተለያዩ እንደሆኑ የሚያምን ሲሆን፥ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ያየ ይመስለናል። ነፍስ የማትገደል ከሆነች አትግደሉ የሚለው ሕግ ስለ ምን ተሠራ? ሲመልስም፥ መግደል ማለት ነፍስን ከሥጋ መለየት ነው፥ ሕጉም የከለከለው ያልተፈቀደውን መለየት ነው ይላል። መልሱ ብልህነት አለው። ነገር ግን የተፈቀደው የትኛው ነው? ማንስ ፈቀደው? ንባቡ ራሱ ይህን አይናገርም፤ ጦሩን የያዘ ሰውም ዝም ያለውን ንባብ በገዛ ድምፁ ይሞላዋል።

ባል ጋንጋዳር ቲላክ በእንግሊዞች ተይዞ በማንዳላይ ወህኒ ሳለ ጽፎ በ1915 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጊታ የሚያስተምረው ከዓለም መሸሽን ሳይሆን ዋጋ የማይፈልግ ሥራን ነው አለ። ማህተማ ጋንዲ ደግሞ የጦሩ ሜዳ የሰው ልብ ነው፥ ሁለቱ ጭፍሮችም በውስጣችን የሚታገሉት በጎና ክፉ አሳብ ናቸው ብሎ ተረጐመው። ለዚህ ትርጓሜ የታሪኩ ንባብ ብዙ አይረዳውም፤ ደም የሚፈስበት እውነተኛ ጦርነት ተጽፎአልና። ሆኖም ጋንዲ ቃሉን ከገዳዩ እጅ አውጥቶ ሰው በራሱ ላይ እንዲያውለው ማድረጉን እናመሰግናለን። ናቺኬታ የሰማው እንዲሁ ነበረ፤ የሚሞተው ራሱ ነውና ቃሉ ማንንም አልጐዳም።

በጥር 30 ቀን 1948 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጋንዲን በጥይት የገደለው ሰው በፍርድ ቤት ቆሞ ስለ ሥራው ሲሟገት፥ አርጁና የገዛ ዘመዶቹን መግደሉን ምስክር አድርጎ ጠቀሰ። ጋንዲም ያን መጽሐፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረ ሰው ነበር።