የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደብተር

በጥር 1999 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ባዶ ደብተር ገዝቼ መጣሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታናሽ እህቴ ቤት አሥራ አንድ ወር ከርሜአለሁ፤ ያየሁትን ሳልረሳው ልጽፈው ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ባሕር ማዶ ከርሞ ሁለት ገጽ ሳይጽፍ ቢቀር ያፍራል።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጄት ላግ የሚሉት ነው። በጥር ወር በእኛና በዋሽንግተን መካከል የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ማርቆስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ እንደ እጅ ሰዓት ጠምዝዘው የሚያስተካክሉት አይደለም፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ቢጠጋ ነው። ወደ ምሥራቅ ለተጓዘ ሰው ይብስበታል፤ ቀኑን ማሳጠር ይጠበቅበታላ! ስለዚህ ከተማው ሲተኛ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ርቦኝ፣ ቁጭ። ቀን ጎረቤት "እንኳን በሰላም መጣህ" ሊለኝ ሲመጣ ፊቱ ላይ አንቀላፋለሁ።

እናቴ መድኃኒቱን ማንንም ሳትጠይቅ ነገረችኝ። "ጧት ተነሥተህ ፀሐይ ሙቅ፤ ቀን አትተኛ።" በኋላ ሳነብ ትክክል ሆና አገኘኋት፤ የሰውነትን ሰዓት ከምንም በላይ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። እኔን ግን በዚያ በማርቆስ የጧት ብርድ ከአልጋ ማን ያውርደኝ! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡናው አለ፤ በረካውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ሌሊት ጻፍኩ።

ስለ እህቴ ነበር የጻፍኩት። ከእኔ ጋር ማዕድ እንዳልቀረበች፣ ሳወራት ዓይኗ እንደሚከደን፣ ቤቷ ውስጥ እንደ ተከራይ እንደኖርኩ። "የሰው አገር ሰውን ያቀዘቅዛል" የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ ያን ሌሊት በጣም ኮርቼባታለሁ። ዘመድ በተሰበሰበበት ቡና ላይ አነበብኩላቸው። እናቴ አለቀሰች። ወሬው በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ።

እህቴ ደወለች። "ጋሼ፣ እኔ ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ጧት ገብቼ ስተኛ አንተ ትነሣለህ። ረሳኸው?"

አልረሳሁትም፤ የከፋው እሱ ነው። ደብተሩ ላይ "የሌሊት ሥራ" የሚል ሁለት ቃል አለ፤ ጽፌው አልፌአለሁ። እኔ በዘጠኝ ሌሊት ሰው መሆን ያቃተኝን ነገር እሷ አውሮፕላን ሳትሳፈር ስድስት ዓመት ኖራበታለች። የእኔ ቲኬትም የተቆረጠው በዚያው ሌሊት ደመወዝ ነው።

ታዲያ ደብተሩ ዋሽቷል? ዓይኗ ይከደን ነበር፤ ማዕድም አልቀረበችም። አንድም ያልሆነ ነገር አልጻፍኩም፤ ግን እህቴን በድያለሁ። ዓመታት አስቤበት የደረስኩበት፣ ጥፋቱ መጻፌ ላይ ሳይሆን ሳይነጋልኝ ማንበቤ ላይ ነው። በሌሊት የተጻፈን ነገር በቀን ሳያዩት ለእናት ያነቡታል?

የእንዶዳሙ ሰው፣ የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ዓመታት በግዞት ቆይተዋል። ያን ዘመን የሚተርከው "ትዝታ" የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፎ። ለተማሪዎቼ ይህን መዘግየት እንደ ትዕግሥት አድርጌ አወራላቸው ነበር። አሁን ሌላውንም ወገን አስባለሁ። የእኔ ቢጤው ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ራሱን አሳምሮ ነው የሚጽፈው፤ ያቺን የኮራሁባትን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ እሰርዛት ነበር።

ደብተሩን ላቃጥለው ወይ ብዬ እህቴን ጠየቅኋት።

"ተወው" አለችኝ። "ግን የኔንም ሰዓት ጎን ጎኑን ጻፍበት።"

ጻፍኩ። "ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እንቅልፍ የለም" ከሚለው አጠገብ፦ ምሽት 1 ሰዓት፣ የሥራ ልብሷን እየለበሰች ነው።