6 ሰዓት ከ37

በሕንዷ ፑኔ ከተማ ሦስት ዓመት በተከራየሁበት ቤት፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ካልኒርናይ» የሚሉት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማራቲ ቋንቋ እየታተመ በማሃራሽትራ ግዛት በየቤቱ የሚሰቀል ነው። ከእያንዳንዱ ቀን ቁጥር ሥር ጨረቃ ያለችበት ኮከብ፣ የጨረቃዋ ቀን፣ ጾሙና በዓሉ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። የቤቱ ባለቤት ዘይት የነካካውን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይሉኝ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። አዲስ ዓመት ሲገባ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ ለሰፈሩ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ።

የቤቱን ባለቤት ጎረቤቱ ሁሉ «ካኩ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም ካኩ እላቸው ነበር። ባላቸው የሞቱት ገና በ26 ዓመታቸው ነው። አንዲት ልጃቸውን ልብስ እየሰፉ አሳደጉ፣ አስተማሩ። እኔ የስታትስቲክስ የዶክትሬት ጽሑፌን በምጨርስበት ዓመት ሊድሯት ተነሡ። ከልብሱም፣ ከወርቁም፣ ከድግሱም ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደው ቀን መቁረጡ ነበር።

ቀን የሚቆረጠው በፓንቻንግ ነው። «ፓንች» አምስት ማለት ነው። ጉሩጂ የሚባሉት ካህን የሚያዩት የሳምንቱን ቀን፣ የጨረቃን ቀን፣ የጨረቃን ቀን እኩሌታ፣ ጨረቃ ያደረችበትን ኮከብ፣ እንዲሁም የፀሐይንና የጨረቃን ስፍራ ደምረው የሚያገኙትን ሒሳብ ነው። የጨረቃ ቀን የሚሉት እንደኛ ቀን እኩል አይደለም። ጨረቃ ፀሐይን በ12 ዲግሪ በቀደመች ቁጥር አንድ ቀን ይሞላል። የጨረቃ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ ደግሞ አንዱ ቀን 19 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልካሙ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሊገባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሊወጣ ይችላል። የጨረቃ ማደሪያ ከዋክብት 27 ናቸው፤ ለጋብቻ የሚፈቀዱት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። ዕለቱን ለ30 ሲከፍሉት የሚገኘው የ48 ደቂቃ ክፋይ «ሙሁርታ» ይባላል፤ ዛሬ ቃሉ ለተመረጠው መልካም ሰዓት ሁሉ ያገለግላል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልቤን ነካው፤ የፓንቻንግ ዕለት የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። የእጅ ሰዓቴን በእኛ አቆጣጠር እንደሞላሁ ስለማቆየው ካኩ ይህን ሲሰሙ «እናንተማ የኛው ናችሁ» አሉኝ።

የማይዳርባቸው ወራት ደግሞ አሉ። በክረምቱ ከአሻድ ወር እስከ ካርቲክ ወር ቪሽኑ የሚባለው አምላክ አራት ወር ይተኛል ስለሚባል ሠርግ የለም። ሲነቃ በየግቢው የበቀለችውን ቱልሲ የተባለች ቅጠል እንደ ሙሽራ አስጊጠው ለእሱ ይድሯታል፤ የሰው ሠርግ የሚከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እኛም ጋ ክረምት የእርሻ እንጂ የሠርግ ጊዜ አይደለም፤ ጾም ሲገባ ጋብቻ ይቆማል፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ድንኳን ይሆናል። በካኩ አገር ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያም ብዙዎች አይድሩም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጁፒተርና ቬነስ ከፀሐይ አጠገብ ገብተው ከዐይን ሲሰወሩ ጋብቻ አይፈጸምም። ለእኔ ቬነስ አጥቢያ ኮከብ ናት፣ ለእነሱ ግን የጋብቻ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለቱም ተከታትለው ስለተሰወሩ፣ ሜይና ጁን ላይ፣ የሠርግ ወቅት በሚባለው ጊዜ፣ ብዙዎቹ ፓንቻንጎች የጋብቻ ሰዓት አላወጡም። 

ካኩ ቀን ለማስቆረጥ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ አብሬ ሄጃለሁ። ጉሩጂው ለስላሳ አዛውንት ናቸው። ስታትስቲክስ አጠናለሁ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ «እንግዲያው ጠይቂኝ» አሉ። ጠየቅኋቸው። በእናንተ እምነት የሰው ዕጣ በፊተኛው ሥራው ከተወሰነ ቀን መምረጥ ምን ይጠቅማል አልኳቸው። «ዘሩ የራስሽ ነው» አሉኝ፤ «ስንዴ ዘርተሽ ሩዝ አታጭጂም። ግን ስንዴም ቢሆን በወቅቱ ካልተዘራ አይበቅልም። እኔ የማሳይሽ ወቅቱን ነው።»

ገበሬ አገር ላደገ ሰው ይህ ቀላል መልስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ አብሰለሰልኩት። በመጨረሻ ያላረካኝ በአንድ ምክንያት ነው። የጤፍን ወቅት ገበሬው በመከሩ ፈትኖ ያውቀዋል፣ ከተሳሳተም በሚቀጥለው ዓመት ያርማል። የጋብቻን ወቅት ማን ፈተነው? እዚያው በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የሥነ ፈለክ ማእከል ያቋቋሙት ጃያንት ናርሊካር እ.ኤ.አ. በ2008 ሞክረውት ነበር፤ የሞከሩት ሠርግን ሳይሆን ኮከብ ቆጠራን ነው። የ100 ጎበዝ ተማሪዎችንና የ100 አእምሯቸው የዘገየ ልጆችን የልደት ሰንጠረዥ ሰብስበው፣ ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ኮከብ ቆጣሪ 40ውን ሰጥተው የትኛው የማን እንደሆነ እንዲለዩ ጠየቁ። መልስ የላኩት 27 ነበሩ፤ ልክ ያገኙት በአማካይ 46 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ የመለሰ 50 ያገኛል። ከናርሊካር ጋር በዚህ ጥናት የሠሩት ናሬንድራ ዳብሆልካር እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2013 ፑኔ ውስጥ ማለዳ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ በጥይት ተገደሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእምነት ስም የሚፈጸም በደልን የታገሉ ሐኪም ነበሩ። በዚያ ከተማ ይህ ጥያቄ የወጥ ቤት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የሂንዱ መጻሕፍትም ቢሆኑ ቀን ዋስትና ነው አይሉም። የመጻሕፍቱ ልዑል ራማ ሊነግሥ ቀን ሲቆረጥለት ጨረቃ ፑሽያ በምትባለው፣ እጅግ መልካም በሚሏት ኮከብ ላይ የምትውልበት ዕለት ተመረጠ፤ የቤተ መንግሥቱ ካህን ቫሲሽታ ነበር። በዚያች ዕለት ራማ የደረሰው ዙፋን ሳይሆን የ14 ዓመት ስደት ነው። ይህን ታሪክ በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ አውቆም ቀን ያስቆርጣል። እኔን ያስጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው ዋስትና እንዳልሆነ እያወቀ የሚይዘው ነገር ምንድን ነው?

ቀን የመምረጥን ክፋት አይቻለሁ። አክሻያ ትሪቲያ የምትባል፣ ካህን ሳይጠየቅ ሙሉዋ መልካም ናት የሚሏት ቀን አለች። ራጃስታን ውስጥ ለትውልዶች ሕፃናት በጅምላ የሚዳሩባት ቀን ሆና ኖራለች። ሕጉ ለሴት 18፣ ለወንድ 21 ዓመት ቢልም ዛሬም ቀኗ ስትቀርብ ባለሥልጣናት ይጠብቋታል። ቀኗ መልካም ከሆነች የልጅቷን ዕድሜ የሚጠይቅ ይጠፋል። ደግሞ ሰዓትን የያዘ ሰው ሥልጣን ይይዛል። ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ የዚያው የፑኔ ሰው ጆቲራኦ ፉሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ባቋቋመው የእውነት ፈላጊዎች ማኅበር ገበሬዎች ያለ ብራህሚን ካህን እንዲዳሩ አደረገ። ድሃው ለቀን ቆራጭ የሚከፍለው ገንዘብ ከማሳው እንደሚወጣ ያውቅ ነበር። በዚህ ጉዳይ እኔ ከፉሌ ጋር ነኝ።

የአባቴም ቤተ ክርስቲያን ኮከብ ቆጠራን አትቀበልም። ሐዋርያው ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች ቀንና ወር እየጠበቁ መኖራቸውን ወቅሷል። ነገር ግን እኛም ቤት ቀን ሰውን ይከስሳል። ታላቅ እህቴ ባገባች በሁለተኛ ዓመቷ ባሏ በመኪና አደጋ ሞተ። ለቀስተኛው ሳይበተን ከባሏ ወገን አንዷ «ድሮም በጎደሎ ቀን ነው የገባችው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ገደ ቢስ ተባለች። እህቴ ቀኑን አልመረጠችም፤ የመረጡት ሽማግሌዎቹ ነበሩ።

ይህን አንድ ማታ ለካኩ ነገርኳቸው። ሊጥ እያቦኩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። የእሳቸው ሠርግ ሰዓት ጠዋት ነበር አሉኝ። የሙሽራው አውቶቡስ ተራራው ላይ ተበላሸና ሰዓቱ አለፈ። ካህኑ ከብቶች አቧራ እያስነሡ ወደ በረት በሚገቡበት ምሽት ላይ አጋቧቸው። ያ ሰዓት በሕጉ የተፈቀደ፣ እንዲያውም የተመሰገነ ሰዓት ነው። በአራተኛው ዓመት ባላቸው በትኩሳት ሲሞቱ ግን አማታቸው «ሰዓት አሳልፋ የገባች» አሏቸው። «እኔ እኮ» አሉኝ ካኩ፣ «ከጎህ ጀምሮ ለብሼ፣ ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነበር።»

እንግዲያው ለምን ለልጅዎ ይህን ያህል ይጨነቃሉ አልኳቸው፤ ድፍረቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ካኩ ሊጡን ሸፈን አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «ቀኑ ያድናታል ብዬ አይደለም፣ ልጄ። የሚመጣው ይመጣል። ግን አንድ ነገር ቢደርስ ወደ እሷ ጣቱን የሚቀስር ሰው ምክንያት እንዲያጣ ነው።»

ከዚያ በፊት ያነበብኩት ሁሉ ይህን አልነገረኝም። ቀን ሲቆረጥ ሁለቱ ወገኖች፣ ካህኑና ታዳሚው «ይህ መልካም ነው» ብለው አንድ ላይ ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደስታም ሐዘንም የሁሉም እንጂ የሙሽራዋ ብቻ አይደለም። ለሙሁርታ ልመሰክርለት የምችለው መልካም ነገር ይህ ነው፤ ትንሽም አይደለም። ነገር ግን ካኩ ይህ ጋሻ ያስፈለጋቸው ጦሩን የወረወረባቸውም ያው እምነት ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ሳልክድ ነው የምጽፈው። ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን ሊያቆራኙ ሲሉ ሰማይን ቀና ብለው አይተው፣ ተራ እስኪደርሳቸው በትዕግሥት መጠበቃቸውን አከብራለሁ። ያ ቀን ግን ተመልሶ ሰው ላይ የሚፈርድበት ሥልጣን የለውም።

ጉሩጂው የካቲት ውስጥ፣ ጨረቃ ሮሂኒ ላይ የምትሆንበትን ዕለት ሰጡ። ሰዓቱ በእነሱ 12፡37፣ በእኛ 6 ሰዓት ከ37። መጥሪያው ላይ በወርቃማ ቀለም ታተመ። ዱሮ ይህን ሰዓት የሚለኩት ሥሩ በተበሳ የመዳብ ጽዋ ነበር፤ ውኃ ላይ ሲያኖሩት ቀስ በቀስ ሞልቶ በ24 ደቂቃ ይሰምጣል። ዛሬ የእጅ ሰዓት አለ።

በማሃራሽትራ ሠርግ ሙሽራውና ሙሽራዋ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ በመካከላቸው ነጭ መጋረጃ ይያዛል። ካህናቱ የምርቃት ዜማ ሲያሰሙ ታዳሚው በየአንጓው በእርድ የተነከረ ሩዝ ይበትናል። አንጓው የሚያበቃው «ሳቭዳን» በሚል ቃል ነው፤ ተጠንቀቁ፣ ልብ በሉ ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ራምዳስ በልጅነቱ ሊዳር ቆሞ ይህን ቃል ሲሰማ ለእሱ እንደተነገረ ቆጥሮ ከሠርጉ ሸሽቶ መነነ ይባላል። ሰዓቱ ሲደርስ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሁለቱ ይተያያሉ።

ባል የሞተባት ሴት ግን እንዲህ ካለው ሥርዓት ፈቀቅ እንድትል ልማድ ያዛል። ልጅቷን ሊሰጡ የተቀመጡት አጎቷና ሚስታቸው ነበሩ። ካኩ ጓዳ ውስጥ ጣፋጭ እየቆጠሩ ነበር። ዜማው ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ «እናቴ ትምጣ» አለች። አጎቷ ሰዓታቸውን አሳዩአት። ዝም አለች፤ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሁለት ሴቶች ወደ ጓዳ ሮጡ። የካኩ ድምፅ እስከ አዳራሹ ይሰማል፤ «ሰዓቱ! ሰዓቱ ያልፋል!» ይላሉ። ጉሩጂው ያን ጊዜ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳም። አልተቆጡም። ያለቀውን ዜማ፣ ታዳሚው ምንም ሳይጠረጥር፣ ከመጀመሪያው አንሥተው ደገሙት። ካኩ እጃቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ መጥተው ልጃቸው አጠገብ ቆሙ። መጋረጃው ወረደ። እኔ ሩዜን ከመበተኔ በፊት የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ 6 ሰዓት ከ41 ይል ነበር።

አንድ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ነው፤ 4 ደቂቃ ከውስጡ አያወጣም ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። የታተመው ሰዓት ግን 37 ነው።

ማታ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ካኩ እግራቸውን እያሹ ቀና ብለው አዩኝ። «መጋረጃው ሲወርድ ሰዓትሽ ስንት ይል ነበር?» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመረጃዬ አንድ ቁጥር ለውጬ አላውቅም።

«6 ሰዓት ከ37» አልኳቸው።