ንዋየ ቅድሳትን ስለ ማሳየትና ስለ መሰወር

ከእግዚአብሔር ቤት ዕቃ የትኛው ሊታይ፥ የትኛውስ ሊሰወር ይገባል? ይህ ጥያቄ ቀድሞ የገበዙና የዕቃ ቤት ጠባቂው ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ግን አድባራትና ገዳማት ቤተ መዘክር እየሠሩ ቅርሳቸውን ለተመልካች ስለሚያቀርቡ የካህናቱም የምእመናኑም ጥያቄ ሆኗል። ዕቃን አሰናድቶ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እንደ ሌላውም ሙያ በቃል ትምህርትና በእጅ ልምምድ ይገኛል። እንግዲህ አገልጋይ ይህን ሙያ ሊማር ይገባዋልን? ቢማርስ ምን አስቀድሞ፥ ምን አስከትሎ ይማር?

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ሦስት ምሳሌዎች ይሰጡናል። ፊተኛው ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። የባቢሎን መልእክተኞች በመጡ ጊዜ ወርቁንና ብሩን፥ ሽቱውንና የጦር ዕቃውን ሳያስቀር አሳያቸው፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ያ የታየው ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ነገረው። በደሉ ማሳየቱ ብቻ አልነበረም፤ ከሞት ሕመም ያዳነውን አምላክ ሊያሳይ ሲገባው ግምጃ ቤቱን ማሳየቱ ነው እንጂ። ሁለተኛው ኢያሱ ነው። ከዮርዳኖስ ያወጣቸውን 12 ድንጋዮች በጌልገላ ያቆመው ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም የእግዚአብሔርን ሥራ ነግረው እንዲመልሱ ነው። ሦስተኛው መና ያለበት መሶብ ነው። መናው መጪው ትውልድ እንዲያየው ተጠበቀ፤ የተቀመጠው ግን በአደባባይ ሳይሆን በምስክሩ ፊት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ማሳየትና መሰወር ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው። ማሳየት ለትምህርት ሲሆን እንደ ጌልገላ ድንጋይ ይሆናል፤ ለክብራችን ሲሆን ግን እንደ ሕዝቅያስ ግምጃ ቤት ይሆናል። መሰወርም ለቅድስና ሲሆን እንደ መናው ነው፤ ለስንፍና ሲሆን ግን ዕቃውን ለብልና ለሌባ መስጠት ነው።

የሙያው ትምህርት ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ዐዋቂዎች ዕቃ ከመደርደራቸው በፊት ተመልካቹ ይዞት የሚሄደውን አንድ ዋና ሐሳብ ይወስናሉ፤ ከዚያም ያን ሐሳብ የሚናገሩትን ዕቃዎች መርጠው ሌላውን በግምጃ ቤት ይተዋሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ የሕዝቡ ዕቃ በሰው ዕድሜ ሥርዓት፥ ከልጅነት እስከ ሞት ተሰልፎ ስለ ቀረበ፥ ተመልካቹ ዕቃ ሲያይ የራሱንም ሕይወት ያያል።

ልምምዱ ደግሞ ትዕግሥትን ያስተምራል። ብራና በደረቅ አየር ይኮማተራል፤ በእርጥበት ይሻግታል። ቀለሙን ብርሃን ይበላዋል፤ የተበላውም አይመለስም። ስለዚህ በብራና ላይ የሚወርደው ብርሃን ሉክስ በተባለው መለኪያ ከ50 እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ተከፍቶ የሚታየውም መጽሐፍ ጀርባው እንዳይሰበር ድጋፍ ይደረግለታል፤ አንድ ገጽ ብቻ ለብርሃን እንዳይጋለጥ በየጊዜው ይገለጣል። የታቦት መጋረጃ ትርጉም የገባው ዲያቆን ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የተከበረ ነገር በልክ እንደሚታይ ከሕፃንነቱ ተምሯልና።

ነገር ግን ሙያው ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ አለ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ ንዋየ ቅድሳት ወሰደ። ለጎንደር ቁስቋም እንደ ተሠራ የሚነገርለት የወርቅ ጽዋ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ለተመልካች አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተሰውረው ሲጠበቁ ኖረዋል። ለማሳየት የተሠራ ቤት የማይታየውን መያዙ እንዴት ያለ ነገር ነው! ታቦትን አለማሳየቱ የክብሩን ምስክርነት ይሰጣል፤ ክብሩን ካወቁ ዘንድ ግን ቦታው መንበሩ መሆኑንም ማወቅ ይገባ ነበር። በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ የተቀበለው ቅርስ መጣ ብሎ ሳይሆን ታቦቱ ገባ ብሎ ነው።

ሌላውን ስንወቅስ ግን ራሳችንን አንርሳ። ጽዋው በገዛ ደብራችን ቤተ መዘክር ቢቀመጥና ከሥሩ የተጻፈው የወርቁ ሚዛንና የተሠራበት ዘመን ብቻ ቢሆን፥ ከለንደኑ መስታወት በምን ተሻልን? ልጁ አባቱን ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ደመ ክርስቶስ ይቀርብበት እንደ ነበረ የሚነግረው ጽሑፍ ካላገኘ፥ የጌልገላ ድንጋይ ዲዳ ሆነ ማለት ነው።

አንዳንድ አባቶች፥ የሚታይ ነገር ይናቃልና ሁሉ ይሰወር ይላሉ፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ፥ የተሰወረ ይረሳልና ሁሉ ይታይ ይላሉ፤ ይህም ከንቱ አይደለም። ፍርዱ ግን በሁለቱ ፈቃድ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ታቦት አይታይም። በአገልግሎት ላይ ያለ ንዋይም ከመቅደስ ወጥቶ ለመስታወት አይሰጥም፤ ለቅዳሴ የተለየ ነውና። ከአገልግሎት ያረፈው፥ የነገሥታት ስጦታ የሆነው ዘውድና ካባ፥ ያረጀው መጽሐፍ ግን በአባቶች ፈቃድ፥ ሊነካው በተገባው እጅ ተሰናድቶ ይታይ።

ስለዚህ ካህናትና ዲያቆናት ይህን ሙያ ሊማሩት ይገባል። እነርሱ ካልተማሩት ሥርዓቱን የማያውቅ እጅ ይሠራዋል፤ ሙያውን ብቻ ተምረው ፍርሃተ እግዚአብሔርን ቢተዉ ደግሞ ሕዝቅያስን ይመስላሉ። አስቀድሞ የዕቃውን አገልግሎት፥ ቀጥሎ የተመልካቹን ጥያቄ፥ በመጨረሻ የመስታወቱንና የብርሃኑን ልክ ይማሩ። የአባቶቻችንን አደራ በማስተዋል የምንጠብቅበትን ጥበብ ልዑል እግዚአብሔር ያድለን፤ አሜን።