ክሩ አንድ፣ ድምፁ ሁለት

አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ምቱ። መቀየሪያውን ወደ ብሪጁ ፒክአፕ አድርጉት፤ ድምፁ ሹልና ደረቅ ይሆናል። ያንኑ ክር በዚያው ጉልበት እየመታችሁ ወደ አንገቱ ፒክአፕ ቀይሩት፤ አሁን ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የክሩ እውነተኛ ድምፅ የቱ ነው?

ለጊታሩ የአንገት ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ይህን ጥያቄ እየመለሰ ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ክሩ ብሪጁ አጠገብ እምብዛም አይወዛወዝም፤ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ግን በሰፊው ይወዛወዛል። ስለዚህ ሁለቱም ፒክአፖች አይዋሹም። እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ቦታ የሰማውን ይናገራል። ቦታ የሌለው ጆሮ የለም።

«በቃ፣ ሁሉም እንደየጣዕሙ ነዋ!» የሚል ይኖራል። አይመስለኝም። ሃምባከርን ተመልከቱ። ሲንግል ኮይል የክሩን ድምፅ ሲይዝ ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታም ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1955 የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ መፍትሔ አበጀ። የአንዱ ጥቅል አጠማጠምም ማግኔትም የሌላው ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ የገባው ጉምጉምታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። አንዱ ጆሮ ብቻውን መለየት ያቃተውን፣ በተቃራኒ የቆሙ ሁለት ጆሮዎች ለዩት። ቦታ ይለያያል ማለት እውነትና ጫጫታ አይለዩም ማለት አይደለም።

ግን በነፃ የለም። ሃምባከር ክሩን በአንዴ ሁለት ቦታ ላይ ስለሚሰማ ከቀጫጭኖቹ ድምፆች የተወሰኑት ይቀራሉ። ጸጥታ የፈለገ እነሱን ይከፍላል፤ እነሱን የፈለገ ጉምጉምታውን ይችላል። እንግዲህ «ምርጡ የቱ ነው?» ከማለታችን በፊት «የቱን ባጣ ይቆጨኛል?» ብንል ይሻላል።

የአንገቱ ፒክአፕ ሌላም ነገር አለው፦ ቦታው በራሱ ያደላለታል። እዚያ ክሩ በሰፊው ስለሚወዛወዝ፣ ብዙ ሠሪዎች የአንገቱን ከብሪጁ ባነሰ ዙር ይጠመጥሙታል። ያለዚያ ጓደኛውን ይውጠዋል። ዕድል የሰጠችው ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት ወይ? በዚህ ጉዳይ እኔ ከጊታር ሠሪዎቹ ጋር ነኝ። ዝቅ ማለቱ መታፈን አይደለም፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ነው።

ርቀትም አለ። ፒክአፑን ወደ ክሩ ባቀረባችሁት ቁጥር ድምፁ ይጎላል። ከልክ ሲያልፍ ግን ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ቃናውም ይዛባል። ልስማህ ብሎ የተጠጋ፣ የሚሰማውን አበላሸ። ልጅ ያሳደገ ወይ ሰው ያፈቀረ ይህ አይጠፋውም።

ብዙ ወጣት ጊታሪስት የሚያደንቀውን ሰው ድምፅ ለማግኘት ሲል ገንዘብ ያጠራቅማል። አልፈርድበትም፤ ሁላችንም መናገር የጀመርነው ሰው አስመስለን ነው። ሆኖም ፒክአፕ ክሩ ያላደረገውን አይሰማም፣ ክሩም ጣት ያላደረገውን አያደርግም። ስለዚህ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ካቻቢቴ ያዙና ያላችሁን ፒክአፕ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረጋችሁ አዳምጡት። ምንም አያስከፍልም። ምናልባት የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ርቀት ይሆናል።