መሸፈን መጠገን ነውን?

በቋንቋችን ተቀራራቢ መስለው ሳለ በግብራቸው እጅግ የሚራራቁ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንደኛው መሸፈን ሁለተኛውም መጠገን ነው። ሁለቱም ጕድለት በታየበት ስፍራ ይደረጋሉ፤ ሁለቱም ለጊዜው አንድ መልክ ያሳያሉ፤ ሁለቱንም የሠራ ሰው «አበጀሁት» ይላል። ነገር ግን የሸፈነ ሰው የሚያበጀው የተመልካችን ዐይን ሲሆን የጠገነ ሰው የሚያበጀው ዕቃውን ነው። ይህን ልዩነት ከሩቅ ከመፈለግ ይልቅ በቤት ውስጥ ካለ ተራ ነገር መረዳት ይቀላልና፥ አንባቢ ሆይ፥ ስለ አሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፥ ይልቁንም ውሃው በሚወርድበት ቀዳዳ ዙሪያ ስለሚታየው ጕዳት ጥቂት እንነጋገር።

«ስንት ጥልቅ ነገር ሞልቶ ሳለ ስለ ገንዳ ቀዳዳ መጻፍ ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። የቅኔ መምህራን ግን ደቀ መዝሙራቸው ምሳሌን ከሩቅ አገር እንዲያመጣ አያዙትም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ተማሪው ሰሙን የሚያገኘው ከሞፈርና ከቀንበር፥ ከንብና ከአበባ፥ ከሸማኔ እጅና ከወፍጮ ድንጋይ ነው። ወርቁ የከበረ ከሆነ ሰሙ ከቤት ዕቃ ቢወሰድ ነውር የለበትም።

እንግዲህ አስቀድመን ዕቃውን እንወቀው። ከቀድሞ ዘመን በቆዩ ቤቶችና ሆቴሎች የሚገኘው ነጭ ገንዳ፥ ብዙ ሰው ባኞ የሚለው፥ አካሉ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ነጩ ልባጥ ደግሞ ተፈጭቶ በብረቱ ላይ የተነሰነሰ፥ ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ እሳትም ቀልጦ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ መስታወት ነው። ብረቱ ክብደትን ይሸከማል፥ ከውሃ ግን ራሱን መጠበቅ አይችልም፤ መስታወቱ ውሃን ይከለክላል፥ ብቻውን ግን ክብደትን አይችልም። ሁለቱ እስከ ተባበሩ ድረስ ገንዳው የሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። መስታወቱ በአንድ ስፍራ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ውሃና አየር ብረቱን ያገኙታል፥ ዝገትም ይጀምራል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ እያበጠ በዙሪያው ያለውን ደኅና መስታወት ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል። ስለዚህ በላይ የሚታየው ቀይ ነጥብ የምስር ፍሬ ሲያህል ከልባጡ ሥር ያለው ዝገት የሳንቲም ስፋት ሊኖረው ይችላል።

ጕዳቱ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በመውረጃው ዙሪያ የሚጀምርበት ምክንያት አለው። ከገንዳው ውሃ ሁሉ ኋለኛው የሚቀረው በዚያ ነው፤ ከእግር የታጠበ አሸዋና አፈር እየተጎተተ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ውታፉ ሲገባና ሲወጣ የሚፍቀው እርሱን ነው፤ ዕድፍን ለማስለቀቅ ሻካራ ዱቄትና ብርቱ አሲድ የሚፈስበትም እርሱ ነው። ከዚህም በቀር ከመውረጃው ቀለበት ሥር ያለው ማሸጊያ በደረቀ ጊዜ ውሃው ሰርጎ በጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። በአጭር ቃል የመውረጃው ዙሪያ ቀድሞ የተበላው ከሌላው ክፍል ሁሉ አብልጦ ስላገለገለ ነው።

የቤቱ ባለቤት ዝገቱን ባየ ጊዜ ሁለት መንገድ በፊቱ አለ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ጥቂት ነጭ ቀለም ገዝቶ በዝገቱ ላይ መቀባት። በዚያው ቀን ገንዳው ያበራል፥ እንግዳም ቢመጣ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ ከቀለሙ ሥር ያለው ዝገት እርጥበቱን እንደ ያዘ ነውና ሥራውን አላቆመም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲያ የሚያየው ስለሌለ በጸጥታ ይሠራል። ሳይቆይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ሲብስም ብረቱ ይበሳና ውሃው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ወለሉ ጣውላ ከሆነ ይበሰብሳል፤ ከበታች የሚኖር ሰው ካለ ጣራው ይረጥብበታል። የአንዱ ሽፋን የሌላው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ሕዝባችን እንዲህ ያለውን ነገር «ውስጡን ለቄስ» ብሎ ያልፈዋል፤ የዚህ ገንዳ ውስጥ ግን ለቄስም አልተነገረም። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ከሸፈነው በኋላ ሰሙን አቅልጦ ሲያወጣው በስፍራው ወርቅ ይፈስበታል፤ ስለዚህ የቅኔን ሰም የፈታ ሰው ወርቅ ያገኛል። የሸፋኝን ሥራ የፈታ ሰው ግን የሚያገኘው ዝገት ነው።

ሸፋኝ ሁሉ ታዲያ እኩል በደለኛ ነውን? አይደለም። ለበዓል ዘመድ ሊመጣበት ሆኖ ገንዘብ ያጠረው ሰው እስኪያሠራው ድረስ ዕድፉን ቢሸፍን ጕድለቱን ያውቀዋል፥ ከማንም ላይ የወሰደው ነገርም የለም። ቤቱን ሊሸጥ ወይም ሊያከራይ ሲል ቀብቶ ዝም ያለው ግን ሌላ ነው። ገዢው አይቶ «በዚህ ዋጋ ይሁን» ባለ ጊዜ የተስማማው በሌለ ገንዳ ላይ ነውና፥ ሻጩ ከዝገቱ ጋር የገዢውን ፈቃድ ሸፈነው። ስለዚህ የበደሉ መስፈሪያ ቀለሙ አይደለም፤ «በዚህ ጕድለት የሚጎዳው ሰው ጕድለቱን ያውቀዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ሦስተኛም ሸፋኝ አለ፤ እርሱም ከራሱ የሚሸፍን ነው። ቀብቶ ያየውን ነጭነት አምኖ ዝገቱን ይረሳዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ መጠገን ነው። ጠጋኙ አስቀድሞ የመውረጃውን ቀለበት ይፈታል፤ ጕዳቱ ከቀለበቱ ሥር ይዘልቃልና ሳይፈቱ መጠገን የቁስልን ዳር ብቻ እንደ ማጠብ ነው። ቀጥሎ የተነሣውን ልባጥ ያራግፋል፤ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ደኅናው ብረት እስኪያበራ ድረስ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ከጅምሩ ሰፍቶ ስለሚታይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ግን አስቀድሞም ይህን ያህል ነበረ፤ አሁን ገና ታየ። ከዚያ በኋላ ስፍራውን ከቅባትና ከሳሙና አጥቦ ፈጽሞ ያደርቀዋል፤ እርጥብ ብረት መድኃኒት አይቀበልም። በሁለት ዕቃ ተለይቶ የሚመጣውንና ሲደባለቅ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ፥ ሽታው ሳንባን እንዳይጎዳ መስኮት ከፍቶ፥ በስሱ ደጋግሞ ይሞላል፤ ሲደርቅ ፍቆ ያስተካክለዋል፤ በላዩም ለገንዳ የተሠራውን ነጭ ልባጥ ይቀባል፤ በመጨረሻ አዲስ ማሸጊያ አድርጎ ቀለበቱን ይመልሳል። እንደ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ብርዳማ አገር ይህ መድኃኒት ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይጠነክራልና ሥራውን በበጋ ማድረግ፥ ከታዘዘውም ቀን ጥቂት ጨምሮ መታገሥ ይገባል። ትናንት በተጠገነው ላይ ዛሬ ውሃ መሙላት ልፋቱን ከውሃው ጋር ማፍሰስ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ገንዳ ከየወገኑ ወደ ቀዳዳው እንዲያዘነብል ሆኖ ይሠራል። ጠጋኙ ቁስሉን አጠነክራለሁ ብሎ መድኃኒቱን አብዝቶ ቢከምር የተጠገነው ስፍራ ከዙሪያው ከፍ ይላል፤ ውሃውም መውረጃ አጥቶ ይቆማል፤ የቆመውም ውሃ እንደ ገና ዝገትን ይወልዳል። ስለዚህ የመልካም ጥገና ምልክቱ ዝቅ ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሽምግልናን እንመልከት። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ድንበር ተጣልተው ነገሩ ወደ ደም እንዳይደርስ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሽማግሌ ገና ነገሩን ሳይሰማ «በሉ ተሳሳሙ፥ ይቅር ተባባሉ» ይላል። ወንድማማቾቹም አፍረው ከአንገት በላይ ይሳሳማሉ፤ ይህ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ነው፤ በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ያው ድንበር እንደ ገና ይነሣል። ብልህ ሽማግሌ ግን ቀለበቱን ይፈታል፤ ድንበሩን ማን እንደ ገፋ፥ ምን ያህል እንደ ገፋ፥ የተበደለው ምን እንዳጣ ጠይቆ እስከ ደኅናው ብረት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ጠቡ የባሰ ይመስላል፥ ድምፅም ከፍ ይላል። እውነቱ ታውቆ ካሳው ከተቈረጠ በኋላ የሚመጣው ዕርቅ ግን የሚይዝበት ስፍራ አለው። ከታረቁም በኋላ «እኔ ነኝ ያስታረቅኋችሁ» እያለ በየድግሱ የሚያወሳ ሽማግሌ መድኃኒቱን ከምሮታልና የቆመ ውሃ ያመጣል።

ጥገናው በምን ይሁን? ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጎንደር ታስተምረናለች። በ17ኛው መቶ ዓመት በነገሡት በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ የአገራችን ታላቁ ገንዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፥ የዛፎች ሥሮችም የድንጋይ ቅጥሩን አቅፈው ይታያሉ። ይህ ስፍራ ከፋሲል ግቢና ከሌሎቹ የጎንደር ሕንፃዎች ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጎንደር ሕንፃዎች የቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዳንዶቹ ሲታደሱ ሲሚንቶና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ገባባቸው፤ በኋላ ግን ይህ እንደማይስማማቸው ታውቆ ወደ ኖራው መመለስ አስፈለገ። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ጥፋቱም በዚሁ ነው። ኖራ ለስላሳ ሆኖ እርጥበትን ሲያስተነፍስ ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፥ ለድንጋዩም አይበገርለትም፤ ፍዳውን የሚቀበለው አሮጌው ድንጋይ ይሆናል። ከዚህም የምንማረው ጠጋኝ «ምን ይበረታል?» ከማለቱ በፊት «ለዚህ አካል ምን ይስማማል?» ማለት እንዳለበት ነው። ልጅን፥ ደቀ መዝሙርን፥ የበደለ ጎረቤትን በተግሣጽ የሚያቀና ሰው ይህን ቢያስብ የሚሰብረው ይቀንስለታል።

የተጠገነው ነገር እንደ ተጠገነ ይታወቅ ወይስ አይታወቅ? በዚህ ላይ ብራና ፋቂዎች መልካም ምስክሮች ናቸው። ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ ትንሿ ጭረት ቀዳዳ ትሆናለች፤ ፋቂው በክር ይሰፋታል። ጸሓፊውም መጽሐፉን ሲጽፍ ስፌቱ ዘንድ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል፥ ቃሉም በቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ይቀጥላል። በየገዳማቱ ባሉ የብራና መጻሕፍት ይህ ስፌት ይታያል፤ መጽሐፉን ግን ከክብሩ ያዋረደው የለም። የታመነ ጥገና መታየትን አይፈራም፤ ቢታይም ባይታይም ያው ነው። መታየትን የሚፈራው ሽፋን ብቻ ነው።

ጥገናም ወሰን አለው። ብረቱ ተበልቶ እንደ ወረቀት የሳሳ ወይም ብዙ ስፍራ የተበሳ ገንዳ ቢሞሉት አይይዝም፤ እንዲህ ያለውን «አልቋል» ብሎ መተካት እውነተኛነት ነው። ለዚህ እንዳይደርስ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ምስር በሚያህልበት ጊዜ ያልታከመ ዝገት ሳህን ሲያህል ገንዳውን ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ መውረጃው እንመለስ። ገንዳን የሚያደንቅ ሰው የከንፈሩን ጥራት ያያል፤ የሁሉን ዕድፍ ተቀብሎ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ የሚያይ ጥቂት ነው። በአገራችንም እንዲሁ ሆኖ ኖሯል፤ ማረሻውን የቀጠቀጠው፥ ምጣዱን የሠራችው፥ ቆዳውን የፋቀው ሲናቁ፥ በእጃቸው ሥራ የሚኖረው ሰው ከበሬታ ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ይህ ዝገት ምን ያህል እንደ ዘለቀ ስለ ተረዱ ነው። አዋጅ ከላይ ይወርዳል፤ ፍቆ እስከ ደኅናው ብረት መድረስ ግን የእያንዳንዱ ቤት ፈንታ ነው። በቤታችን ውስጥ የሁላችን ዕድፍ በማን በኩል እንደሚያልፍ፥ ልብሳችንን የምታጥበው፥ ቆሻሻችንን የሚያወጣው፥ ሌሊት በር የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ከሁሉ አስቀድመው የሚደክሙት እነርሱ ናቸውና የቤት ጥገና የሚጀመረውም ከእነርሱ ነው፤ ደመወዛቸውን በቀኑ በመክፈል፥ ሲታመሙ በማሳከም፥ በስማቸውም በመጥራት።