ጠበሉና መድኃኒቱ ተጣልተዋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት በአልጋው ተኝቶ የውሃውን መናወጥ ይጠብቅ የነበረውን በሽተኛ ጌታችን እንዴት እንደፈወሰው የምናስብበት ሳምንት ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ይህ ወንጌል በተነበበ ቁጥር አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁም በእርሳቸው ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ አሉኝና፣ “ዲያቆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉኝ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ከተገኘ ቆይቷል፤ መድኃኒቱንም ለዓመታት ሲወስዱ ኖረዋል። ጠበልም ይጠመቃሉ። በቅርቡ ሲመረመሩ “ቫይረሱ አይታይም” ተባሉ። አብረዋቸው የሚጠመቁ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ “እንግዲህ ድነሻል! ከዚህ በኋላ መድኃኒት መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው” አሏቸው። “ታዲያ ልተወው ወይ?” ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? “እንደ እምነትዎ ይሁንልዎ” ብያቸው ሄድኩ። ያን ጊዜ መንፈሳዊ መልስ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼ ነው። “አይተዉ” ብላቸው እምነት የጎደለው ልባል ነው፤ “ይተዉ” እንዳልላቸው ደግሞ በትምህርት ቤት የቀሰምኳት ትንሽ እውቀት ያዘችኝ። በሁለቱ መካከል ቆሜ ሰውዬዋን ብቻቸውን ተውኳቸው።

እርሳቸውም መድኃኒቱን አቆሙ። ዓመት ሳይሞላ ሰውነታቸው አለቀ፤ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው፤ ልጃቸው ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ በሕይወት አሉ። መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፣ ጠበላቸውንም ይጠጣሉ። እኔ ግን ያችን አንዲት መልሴን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣታለሁ።

ምእመናን፣ “ቫይረሱ አይታይም” ማለት ምን ማለት ነው? ቫይረሱ የሰውነታችን ወታደሮች ወደሆኑት ሴሎች እየገባ ይራባል። መድኃኒቱ ይህን መራባት ይገታል። በየቀኑ በትክክል ሲወሰድ የቫይረሱ መጠን እጅግ ስለሚያንስ የምርመራ መሣሪያው ሊቆጥረው አይችልም። እዚህ ደረጃ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ያንቀላፋል እንጂ አልጠፋም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተነሥቶ እንደገና ይራባል። እንግዲህ የእኚያ እናት ውጤት “መድኃኒቱ እየሠራ ነው” የሚል ነበር። እኛ ግን “መድኃኒቱ አያስፈልግም” ብለን አነበብነው።

ታዲያ ይህን ማወቅ እምነትን ይቀንሳልን? በፍጹም! ዝናብ ከደመና እንደሚወርድ የሚያውቅ ገበሬ ስለ ዝናብ መጸለይ አይተውም፤ ዘሩንም መዝራት አይተውም። “እንዴት ሆነ?” የሚለውን ማወቅ “ማን ሰጠ?” የሚለውን አይሰርዘውም።

አሁን የያዝነውን ጾም ተመልከቱ። መቼ እንደሚገባ በምን አወቅን? በቁጥር! ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ይቆጥራል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11 ቀን፣ ጥንተ አበቅቴ ይባላል። በ19 ዓመት ዑደቱ ይገጥማል። ይህን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ በጣቶቼ እየቆጠርኩ ተምሬዋለሁ። የኔታ “ጨረቃን መቁጠር ክህደት ነው” አላሉኝም። አባቶቻችን የሰማይን ሥርዓት በቁጥር መርምረው በዚያው ቁጥር በዓል አበጁ፣ ጾም ሠሩ።

መጽሐፍ ቅዱስም መድኃኒትን አልናቀም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ለሞት በቀረበ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየም። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ልብ በሉ፤ ተስፋው ከተነገረው በኋላም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ነገ. 20፥1-7)። ሕዝቅያስ “ጸሎቴ ከተሰማ በለሱ ለምኔ?” አላለም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው፣ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ፍጥረት እንደሆነ ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረምን? (ቆላ. 4፥14)

በሀገራችንም መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በአደባባይ አስተምረዋል። ይህን የተናገሩት ፓትርያርኩ ናቸው። እኛ ግን እስከ ዛሬ እንፈራለን።

በሌላ በኩል “ጠበል ያው ውሃ ነው፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን” የሚለንም አለ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፣ ውሃ ነው። የእናትህ እንባም ቢመረመር ጨውና ውሃ ነው። ግን “ጨውና ውሃ ብቻ ነው” ብለህ በፊቷ ትናገራለህን? መርማሪው ከምን እንደተሠራ ይነግርሃል፤ ስለ ማን እንደፈሰሰ ግን በመሣሪያው አያገኘውም።

“እንዴ፣ እግዚአብሔር ያለ መድኃኒት አይፈውስም ልትለን ነው?” የሚለኝ ይኖራል። አይደለም! መፃጉዕን በቃል ብቻ አስነሥቶታል፤ ዛሬም ይችላል። ነገር ግን እውነተኛ ተአምር ምርመራን አይፈራም። ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዟቸዋል (ሉቃ. 17፥14)። በኦሪቱ ለምጽ መንጻቱን መርምረው የሚመሰክሩት ካህናቱ ነበሩና።

ደግሞም ይህን አስቡ። ጌታችን 40 ቀን ከጾመ በኋላ ፈታኙ ወደ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ፣ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር አለው። ጌታችንም አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። ፈተናው የመጣው በጥቅስ ተሸፍኖ፣ እምነት መስሎ ነው። ደረጃ ተሠርቶለት ሳለ የሚዘል ሰው እምነቱን አያሳይም፤ እግዚአብሔርን ይፈትናል። መድኃኒትም እንዲሁ የተሠራልን ደረጃ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፤

1ኛ. ጠበሉን በእምነት ጠጡ፣ ተጠመቁ፤ መድኃኒታችሁንም በሰዓቱ ውሰዱ።

2ኛ. “ድኛለሁ” ብላችሁ ብታምኑ፣ መድኃኒቱን ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ያለ እርሱ ምክር በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ።

3ኛ. “ጾሜ ይሻርብኛል” ብላችሁ ኪኒን አትዝለሉ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትራራለች፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

4ኛ. እኛ አገልጋዮች ደግሞ በሌላው ሰው ሕይወት እምነታችንን አናሳይ። የሚውጠው እርሱ፣ የሚሞተውም እርሱ ነው።

እኚያ እናት ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ “እናቴ፣ ጠበሉን የባረከው መድኃኒቱንም የሰጠ ነው፤ ሁለቱንም ከእጁ ይቀበሉ” እላቸው ነበር። ያን ቀን ሳልናገረው ቀረሁ። ለእናንተ ግን ይኸው ተናገርኩ።

ቸሩ አምላካችን ጾሙን የበረከት ያድርግልን፤ ለሕሙማን ምሕረቱን፣ ለሐኪሞች ጥበቡን፣ ለእኛም ለአገልጋዮች እውነት የምንናገርበትን ድፍረት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።