የባንክ ቤት ቃልና የመንግሥት ትእዛዝ

በጅቡቲ ከተማ መሀል፣ በይፋ የጁን 27 አደባባይ ተብሎ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ምኒልክ» እያለ በሚጠራው ሥፍራ አካባቢ፣ ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ከድሬዳዋ የመጣ ነጋዴ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ፍራንኩን ቆጥሮ ይቀበላል። ደረሰኝ የለም፤ ፊርማ የለም፤ ምስክርም አይጠራም። የተለዋወጡት የማይበላና የማይለበስ ወረቀት ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱም ተሞኘሁ አይልም። ለምን ቢሉ፣ ከእያንዳንዱ ወረቀት በስተጀርባ ቃል የሰጠ አካል አለ፤ ያም ቃል ነገ ጧት እንደ ጸና ይገኛል ተብሎ ይታመናል።

ለመሆኑ ያ ቃል የማን ነው? ወረቀቱን ያወጀው መንግሥት ነውን? ወይስ በወረቀቱ ላይ የፈረመው የባንክ ሹም? ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲጓዙ ጥያቄው አይነሣም። የሚነሣው መንግሥት «አትክፈል» ብሎ ያዘዘ ዕለት፣ ባለ ወረቀቱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ «ክፈለኝ» ያለ ዕለት ነው። በመካከል የቆመው ሰው ለማን ይታመን? አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል። እነዚያው አበው ግን ለሹም መታዘዝንም ከጨዋነት ይቆጥሩታል። ስለዚህ ምሳሌያዊው አነጋገር ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ጥያቄውን ይበልጥ ያከብደዋል እንጂ።

ባንክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዳግማዊ ምኒልክ በ1905 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ባደረጉት ውል ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1906 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ገዥም ማክጊሊቭሬይ የተባለ የውጭ አገር ሰው ነበር። ውሉ ለ50 ዓመት እንዲጸና የተደረገ ሲሆን፣ የወረቀት ገንዘብ የማውጣትን መብት ለዚህ ባንክ ብቻ ሰጠ። ባንኩ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በደሴና በጎሬ ቅርንጫፎች ከፈተ፤ የባሕር በሩ ወደ ሆነችው ወደ ጅቡቲም ወርዶ የመተላለፊያ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ።

የባንኩ ወረቀት በ1915 ሲወጣ ግን ባላገሩ አልጓጓለትም። በገበያው የነገሠው 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ሕዝቡን ኋላ ቀር ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ጠገራ ብር የባንክ ሹም ታማኝነት አያስፈልገውም። በእጅ ይመዘናል፤ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ይሰሙታል፤ መንግሥት ቢወድቅ እርሱ አይወድቅም። እንግዲህ ጠገራ የያዘ ሰው የሚያምነው ዕቃውን ነው፤ ወረቀት የያዘ ግን የሚያምነው ሰውን ነው። ጠገራም የራሱ መከራ አለው፤ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በበቅሎ ይጫናል፤ በመንገድ ይዘረፋል። ወረቀት ከዚህ ሸክም ያሳርፋል። በልዋጩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሌላኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ቃሉን እንዲጠብቅ ነው።

ያ ሰው ቃሉን ለመጠበቅ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንዳለበት የፈተነ አንድ ታሪክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ ወረቀት በወጣ በዓመቱ በሩቅ ምሥራቅ ተፈጸመ። በቻይናም የሕዝቡ እምነት በብር ማዕድን ላይ ነበር፤ የባንክ ወረቀትም የሚከበረው በብር ስለሚመነዘር ነው። በ1915 መጨረሻ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሰየመው ዩዋን ሺካይ ዙፋኑን በወራት ውስጥ ቢተውም፣ መንግሥቱ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። በሜይ 12 ቀን 1916 ከቤጂንግ ትእዛዝ ወጣ፤ የቻይና ባንክና የመገናኛ ባንክ ወረቀታቸውን በብር መመንዘር እንዲያቆሙ፣ የተቀመጠ ገንዘብም እንዳይከፍሉ የሚል ነበር።

በሻንጋይ የቻይና ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ሶንግ ሃንዣንግ፣ ምክትሉ ደግሞ ዣንግ ጅያአው ነበሩ። ዣንግ በ1889 ተወልዶ በቶኪዮ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ሁለቱ ሰዎች ትእዛዙን አንፈጽምም አሉ። አሠራራቸው ግን የሽፍታ አልነበረም። ሕግ አዋቂዎችን አማከሩ፤ ባለ አክሲዮኖችና ገንዘብ አስቀማጮች ባንኩን በሻንጋይ ፍርድ ቤት እንዲከሱት አደረጉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ መንግሥት ሥራ አስኪያጆቹን በቀላሉ ሊያነሣቸው እንዳይችል የታሰበ ዘዴ ነበር። በሩ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ባንኩ ቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ ሳይቀር ከፍቶ ለመጣው ሁሉ ብር ቆጥሮ ሰጠ። የውጭ ባንኮችም ለድጋፍ ብድር ፈቀዱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰልፉ ቀለለ፤ የሻንጋዩ ወረቀት ክብሩን ሲጠብቅ፣ በቤጂንግ የወጣው ወረቀት ግን ዋጋው ወረደ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ ማጨብጨብ ያስቸኩላል፤ መጠየቅ ግን ይቀድማል። አንደኛ፣ የባንክ ሹም የመንግሥትን ትእዛዝ እየመረጠ የሚፈጽም ከሆነ ነገ የጦር አዛዡም፣ ቀረጥ ሰብሳቢውም እንዲሁ ቢል ምን ይመልሱለታል? ሁለተኛ፣ በሻንጋይ ያለው ባለ ወረቀት ሲከፈለው በቤጂንግ ያለው ባዶ እጁን ሲቀር፣ ያው አንድ ባንክ ለአንዱ ልጅ ለሌላው የእንጀራ ልጅ አልሆነምን? ሦስተኛ፣ መንግሥት ሲቸገር ወታደሩም ሐኪም ቤቱም ገንዘብ ይሻሉ፤ የባለ ወረቀቱ መብት ከዚህ ሁሉ ይበልጣልን?

ሦስቱም ጥያቄዎች ክብደት አላቸው። ሆኖም የእነ ዣንግን እምቢታ ከተራ አመፅ የሚለዩ ምልክቶች አሉ። እምቢታቸው በግልጽ እንጂ በድብቅ አልነበረም። ነገሩን ወደ ዳኛ አቀረቡት። እምቢ ያሉትም ለራሳቸው አንዳች ለመውሰድ ሳይሆን ለሌላ ሰው የሚገባውን ለመስጠት ነው፤ ቢሳሳቱ መጀመሪያ የሚጎዱት ራሳቸው ነበሩ። ቀረጥ ሰብስቦ በኪሱ የሚያስቀር ሹም ከእነዚህ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። የቤጂንግ ባለ ወረቀት መጎዳት እውነት ቢሆንም፣ የጎዳው ትእዛዙ እንጂ የሻንጋይ መክፈል አይደለም። መንግሥት በችግሩ ጊዜ ግብር ሊጥል፣ ሊበደርም ይችላል፤ እነዚህ በአደባባይ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው። የተሰጠን ቃል ማጠፍ ግን ሳይናገሩ ከድሀው መቀነት መፍታት ነው። አገር ቤት ይህን ለሚያደርግ ሰው «አደራ በላ» ከሚለው የሚከፋ ስም የለም።

እዚህ ላይ ሌላ እውነት መጣ። በሻንጋይ ቃሉ ከትእዛዙ ሊተርፍ የቻለው፣ ቃሉን የሚያስጠብቅ ጉልበት በአጠገቡ ስለነበረ ነው። ጉልበቱ በሌለበት ምን እንደሚሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳያል። በ1931 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለአቢሲኒያ ባንክ ባለ አክሲዮኖች ካሳ ከፍለው ባንኩን አፈረሱና በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ፤ ውሉን በካሳ እንጂ በዝርፊያ አልሻሩትም። አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን ወረራው ደረሰ። በሜይ 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚህችው ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ወራሪው በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ባንክ ፈርሷል ብሎ አወጀ። በባንኩ ስም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ሎንዶን ውስጥ ክርክር ሲነሣ፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1937 አዋጁን ተቀበለ። ምክንያቱም የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣሊያ በያዘችው ምድር ላይ በተግባር ገዥ መሆኗን አውቆ ነበር። በቦምብና በመርዝ ጋዝ የገባ ሠራዊት የፈረመው ወረቀት፣ ካሳ ተከፍሎበት የተመሠረተን ባንክ ገደለው።

ያንጊዜ የባላገሩ ጥርጣሬ ጥበብ መሆኑ ታየ። ሕዝቡ ወደ ጠገራው ተመለሰ። ወራሪው እንኳ ከሊሬው ይልቅ ጠገራው እንደሚታመን አውቆ፣ የማሪያ ቴሬዛን ማተሚያ ከኦስትሪያ አስመጥቶ በሮማ ያስቀርጽ ነበር። በመድፍ ከተማ መያዝ እንደሚቻል፣ እምነት ግን በመድፍ እንደማይያዝ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የዣንግ ጅያአው ታሪክ በ1916 ቢያበቃ ኖሮ ሰውየው ለምሳሌነት ብቻ የተፈጠረ በመሰለ ነበር። ነገር ግን በ1928 የቻይና ባንክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በ1935 መንግሥት ባንኩን በእጁ ሲያስገባ ከቦታው ተነሣ፤ ከዚያም የባቡር ሚኒስትር ሆኖ ሠራ። በ1947 የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ተደረገ። ጦርነቱ የሚካሄደው በሚታተም ወረቀት ነበር፤ ዋጋ በየዕለቱ ይንር ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1948 ወጣ። ኋላም በአሜሪካ ሲኖር ስለዚያ የዋጋ ንረት መጽሐፍ ጽፎ በ1958 አሳተመ፤ በ1979 እዚያው አረፈ።

እንግዲህ በወጣትነቱ ለአንድ ወረቀት ቃል የቆመው ሰው፣ በጎልማሳነቱ ወረቀቱ ሁሉ ዋጋ ሲያጣ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ተበላሸ ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም የነገሩን ሥር መሳት ነው። በ1916 በካዝናው ብር ነበር፤ ክስ የሚሰማ ዳኛም ነበር። በ1947 ሁለቱም አልነበሩም። ድፍረት ብቻውን ባዶ ካዝናን አይሞላም። ስለዚህ ቃል የሚታጠፈው በሩ በተዘጋ ዕለት አይደለም፤ ከአቅም በላይ ቃል በተሰጠ ዕለት ነው። አንዲት ጥያቄ ግን ከዣንግ ላይ አትወርድም፤ ሊጠብቀው የማይችለውን አደራ ሲሰጡት ለምን ተቀበለ? ምናልባት «እኔ ብይዘው ይሻላል» ብሎ ይሆናል። ብዙ ደጋግ ሰዎች ወደ ማይወጡበት ወንበር የሚገቡት በዚህች በር ነው።

የዚህች ከተማ ነዋሪ ይህን ትምህርት ከኪሱ ውስጥ ያገኘዋል። የጅቡቲ ፍራንክ በ1949 ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታሰረ፤ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ነው። የሚታተመው ፍራንክ በውጭ ምንዛሪ ክምችት መደገፍ አለበት፤ መንግሥት በቸገረው ጊዜ ሁሉ እንዳሻው አያትምም። እጁን አስቀድሞ ያሰረ ሰው በኋላ «ስቱኝ» ማለት ይቀልለዋል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ብር በ2024 ክረምት በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ገደማ ወደ 100 ዘለቀ። ለዓመታት ለልጆቹ በብር ያጠራቀመ የወደብ ሠራተኛ፣ ሳይሰረቅ የተሰረቀ መስሎት ቢቆዝም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሁለት ፊት አለው። በገበያው ማዶ የነበረው የጥቁር ገበያ ዋጋ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ስለነበር፣ የብር አቅም የጎደለው በዚያ ዕለት ሳይሆን በቀደሙት ዓመታት ነው። ደግሞም እጅን ማሰር ለትንሽ የወደብ አገር የሚስማማውን ያህል፣ ድርቅና ጦርነት ለሚፈራረቁበት ሰፊ አገር ይስማማል ብሎ መማል አይቻልም። የሚቻለው ከሁለቱም አገር ሹም አንድ ነገር መጠየቅ ነው፤ የማይጠብቀውን ቃል አስቀድሞ እንዳይሰጥ፣ ቃሉ ሊታጠፍ ግድ ሲሆንም በአደባባይ እንዲናገር።

ይህን ሥርዓት እቁብ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ መጥራት ስድብ አይደለም፤ ክፉ ቀን ሳይመጣ ለክፉ ቀን መዘጋጀት ነው። የእቁቡ ዳኛም ቢሆን አንድ ባለሥልጣን መጥቶ «የዚህን ሰው ዕጣ ለእኔ ስጠኝ» ቢለው እምቢ የማለት ግዴታ እንዳለበት ማንም አያስተምረውም። ግዴታው የመነጨው ከሹመት ደብዳቤ ሳይሆን አባላቱ ዓይን ለዓይን እያዩት ገንዘባቸውን ስላስረከቡት ነው። የባንክ ሹም ልዩነቱ አስረካቢዎቹን አለማየቱ ብቻ ነው። በ1916 ሻንጋይ ላይ ሁለቱ ሰዎች በመስኮት ወደ ሰልፉ ተመለከቱ፤ ያንጊዜ አደራው ፊት አወጣ።

ማታ ፀሐይ ከወደቡ በኩል ስታዘቀዝቅ ገንዘብ መንዛሪዋ የቀራትን ቆጥራ ቦርሳዋን ትዘጋለች። የጎደለ ቢኖር ነገ ያው ነጋዴ በዚያው ቦታ ያገኛታል፤ እርሷም ይህን ታውቃለች። በወረቀቱ ላይ የሚፈርሙ ሰዎች እንዲህ በቀላሉ በማይገኙበት ዓለም፣ ባለ ወረቀቱ ነገ ሄዶ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው?